የውሃ ማሞቂያ (ቦይለር) ለምን ያፈሳል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ማሞቂያው ማፍሰስ ሲጀምር አንዳንዱ ሰው «አበቃለት» ብሎ አዲስ ሊገዛ ይነሣል። ሌላው ደግሞ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጦ ወራት ያሳልፋል። ሁለቱም ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳያዩ ነው የወሰኑት። ከማሞቂያ ሥር የሚታይ ውሃ ከብዙ ቦታ ሊመጣ ይችላል፤ ዕቃውን የግድ የሚያስጥለው ግን የታንከሩ መበሳት ብቻ ነው። ሌላው ሁሉ ማሸጊያ፣ ቫልቭ ወይም መጋጠሚያ በመቀየር የሚድን ነው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዋናነት ውሃ አጠራቅሞ በኤሌክትሪክ ስለሚያሞቀው ዓይነት ናቸው። የጋዙ የሚለይበት ቦታ ሲኖር እዚያው ተጠቅሷል።

ሲያፈስ አየሁ። መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ኤሌክትሪኩን ያጥፉ። ግድግዳው ላይ ያለውን ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ሳይሆን ብሬከሩን ጭምር ያውርዱ፤ አንዳንዱ ማብሪያ የሚቆርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነውና። ብሬከሩ ጋ ለመድረስ ውሃ ውስጥ መቆም ካለብዎ አይንኩት፤ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይጥሩ። ማሞቂያው በጋዝ የሚሠራ ከሆነ የጋዙን መዝጊያ ይዝጉ። የጋዝ ሽታ ካለ ግን ምንም ማብሪያ ሳይነኩ፣ ክብሪትም ሳይጭሩ ከቤት ይውጡና ከውጭ ሆነው እርዳታ ይጥሩ።

ቀጥሎ ወደ ማሞቂያው የሚገባውን የቀዝቃዛ ውሃ መዝጊያ ይዝጉ። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ መዝጊያ ደርቆ አልዞር ሊል ይችላል። በጉልበት ቢታገሉት ሊሰበርና ጠብታው ወደ ጎርፍ ሊለወጥ ስለሚችል፣ እሱን ትተው ከቆጣሪው አጠገብ ያለውን ዋና መዝጊያ ይዝጉ። ከዚያ አንድ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተው ግፊቱን ያስተንፍሱ።

ኤሌክትሪኩ ከውሃው የሚቀድመው ለሰው ደኅንነት ብቻ አይደለም። ታንከሩ እየጎደለ ኤሌክትሪኩ ካልጠፋ፣ ውሃውን የሚያሞቀው ዘንግ (ሬዚስታንሱ) ከውሃ ውጭ ሆኖ ስለሚግል ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል። አንድ ብልሽት የነበረው ሁለት ይሆናል።

ውሃው በትክክል ከየት እንደሚወጣ እንዴት አውቃለሁ?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ሥራ ይሄ ነው። ውሃው የሚታይበት ቦታና የሚወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። በውስጠኛው ታንከርና በውጭው ቆርቆሮ መካከል ሙቀት የሚይዝ ፎም አለ። ከላይኛው መጋጠሚያ የሾለከ ውሃ በፎሙ ውስጥ ተጉዞ ከታች፣ በኤሌክትሪክ ክዳኑ በኩል ብቅ ሊል ይችላል። ባለቤቱም «ታንከሩ ተበሳ» ብሎ ይደመድማል።

ስለዚህ ኤሌክትሪኩ እንደጠፋ ሁሉንም ነገር በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ፤ ቧንቧዎቹን፣ ቫልቩን፣ ክዳኑን፣ ወለሉን ሁሉ። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ ሶፍት ይጠቅልሉ። ከዚያ ቀዝቃዛውን ውሃ ከፍተው ከላይ ወደ ታች እየተመለከቱ ይጠብቁ። መጀመሪያ የረጠበው ሶፍት መልሱን ይነግርዎታል። ከአንድ ሰዓት በኋላም ሁሉም ደረቅ ከሆነ፣ ወለሉና ግድግዳው መድረቃቸውን አረጋግጠው ማሞቂያውን ያብሩት፤ እጅዎን ሳያስገቡ በዓይን ብቻ ይከታተሉ። ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ፣ ግፊቱም ስለሚጨምር፣ ቀዝቃዛ ሳለ የማያፈስ መጋጠሚያ ሲሞቅ ሊያፈስ ይችላል።

የሚያፈስበት ሰዓትም ይናገራል። ሲሞቅ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ ሴፍቲ ቫልቩን (ግፊት ሲበዛ ውሃ የሚያስወጣውን ቫልቭ) ይጠርጥሩ። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ከሆነ መጋጠሚያ፣ የጎማ ማሸጊያ ወይም ታንከሩ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ እንደተሞላ ታይቶ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ፍሳሽ ላይሆን ይችላል፤ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ከሴፍቲ ቫልቩ ሲሞቅ ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። ተበላሽቷል ማለት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ውሃ ሲሞቅ መጠኑ ይጨምራል። ከ10 ዲግሪ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ በ1.7 በመቶ ገደማ ይሰፋል። 80 ሊትር የሚይዝ ማሞቂያ ውስጥ ይህ ወደ 1.3 ሊትር ይጠጋል። ውሃ ደግሞ ተጨምቆ ቦታ የሚለቅ ነገር ስላልሆነ፣ ይህ ትርፍ የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ግድግዳ ላይ በሚሰቀሉት ማሞቂያዎች የሴፍቲ ቫልቩ የቀዝቃዛው መግቢያ ላይ ይገጠማል፤ ውስጡም ሙቅ ውሃ ወደ መስመሩ እንዳይመለስ የሚያግድ ክፍል አለው። መመለሻው ስለተዘጋ ትርፉ በቫልቩ አፍ እየተንጠባጠበ ይወጣል። ቫልቩ የተሠራው ለዚሁ ነው፤ ከአፉ ላይ ቀጭን ቱቦ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ የሚዘረጋውም ለዚህ ነው።

ጤነኛው ጠብታ ሲሞቅ ጀምሮ ቴርሞስታቱ (ሙቀቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ሲያጠፋ ይቆማል። ቀዝቅዞም ካላቆመ ግን ምክንያት ይፈልጉለት። አንደኛው ቆሻሻ ነው፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም የኖራ ቅርፊት መዝጊያው ላይ ተቀምጣ እንዳይገጥም ታደርገዋለች። የቫልቩን እጀታ ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ በማድረግ ውሃው እንዲያጥባት ማድረግ ይቻላል። የሚወጣው ውሃ ሊያቃጥል ስለሚችል እጅዎን ከአፉ ያርቁ።

ሁለተኛው የመስመሩ ግፊት መብዛት ነው። ቀን ደህና ውሎ ሌሊት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ይህንን ይጠርጥሩ፤ ሌሊት ብዙ ሰው ውሃ ስለማይጠቀም የመስመሩ ግፊት ከፍ ይላል። በግፊት መለኪያ ማረጋገጥ ቀላል ነው። መፍትሔው ቫልቩን ደጋግሞ መቀየር ሳይሆን ዋናው መስመር ላይ ግፊት መቀነሻ ማስገጠም ነው፤ ለመኖሪያ ቤት ብዙ ጊዜ 3 ባር (ባር የግፊት መጠን የሚለካበት አሃድ ነው) አካባቢ ይስተካከላል። ጠብታው ጨርሶ እንዲቀር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ትርፉን ውሃ የሚቀበል ማስፋፊያ ታንከር ማስገጠም ይችላል።

ሦስተኛው ቫልቩ ራሱ ማርጀቱ ነው። ያን ጊዜ በላዩ የተጻፈውን ግፊት አይተው ተመሳሳዩን ይግዙ። ግድግዳ ላይ በሚሰቀሉት ብዙ ጊዜ 8 ባር የሚል ያገኛሉ። ወለል ላይ በሚቆሙት ትልልቆቹ ግፊትንም ሙቀትንም የሚጠብቅ ቫልቭ የተለመደ ነው፤ በ10 ባር ገደማ ወይም ውሃው 99 ዲግሪ ሲደርስ ይከፍታል። ይበልጥ እንዲቋቋም ብሎ ከፍ ያለ ቁጥር ያለው መግዛት ታንከሩን ካልተሠራበት ግፊት ጋር ማጋፈጥ ነው።

ጠብታው ስላስቸገረኝ የቫልቩን አፍ ብደፍነውስ?

በፍጹም አያድርጉት። ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የሚያነብ ሰው ቢኖር ይህ እንዲሆን እወዳለሁ።

ቴርሞስታት ይበላሻል፤ ተበላሽቶም ላያጠፋ ይችላል። ያን ጊዜ ውሃው መሞቁን ይቀጥላል፣ በግፊት ውስጥ ስለታመቀም 100 ዲግሪ አልፎ እንኳ አይፈላም። የሴፍቲ ቫልቩ አፍ ከተደፈነ መውጫ የለውም። ታንከሩ በደከመበት በኩል ሲሰነጠቅ ግፊቱ በቅጽበት ይወርድና ያ ሁሉ የጋለ ውሃ ከፊሉ በአንዴ እንፋሎት ይሆናል። 1 ሊትር ውሃ በተለመደው የአየር ግፊት ሙሉ በሙሉ ሲተን ወደ 1,700 ሊትር እንፋሎት ይወጣዋል። ግድግዳ የሚያፈርሰው፣ ማሞቂያውን ጣራ አስበስቶ የሚያወጣው ይህ ኃይል ነው።

ከመድፈን እኩል የሚቆጠሩ ሌሎች ስሕተቶችም አሉ። በቫልቩና በታንከሩ መካከል መዝጊያ መግጠም አንዱ ነው። የማፍሰሻ ቱቦውን ማጠፍ፣ ጫፉን በቡሽ መወተፍ፣ ሽቅብ አድርጎ መዘርጋትም እንዲሁ ናቸው። ቱቦው ወደ ታች እያዘቀዘቀ ሄዶ፣ ጫፉ ክፍት ሆኖ፣ ሰው ሊያየው በሚችል ቦታ ማለቅ አለበት። ቫልቩ በኖራ ተጣብቆ እንዳይቀር በየጥቂት ወራቱ እጀታውን አንስቶ ማፍሰሱን ማየት ጥሩ ልማድ ነው። እጀታው ከተነሣ ምንም የማይወጣው ቫልቭ ዛሬ ነገ ሳይባል መቀየር አለበት። ዝም ያለ ቫልቭ ከሚያንጠባጥበው ይበልጥ ያሰጋኛል።

ከሥሩ፣ ከኤሌክትሪክ ክዳኑ በኩል ይንጠባጠባል። ምንድን ነው?

ከላይ የመጣ ውሃ አለመሆኑን ካረጋገጡ፣ ቀጥሎ የሚጠረጠረው የሬዚስታንሱ የጎማ ማሸጊያ ነው። ሬዚስታንሱ የተተከለበት የብረት ክዳን ከታንከሩ ጋር በቡሎን ይታሰራል፤ በመካከላቸው ጎማ አለ። ጎማው ለዓመታት ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ይደርቃል፣ መለጠጡን ያጣል፣ ይሰነጠቃል።

ብዙዎች የሚሞክሩት ቡሎኖቹን ማጥበቅ ነው። ጎማው ገና ለስላሳ ከሆነ ሊሠራ ይችላል። ከደረቀ ግን ማጥበቁ ጎማውን ይሰብረዋል ወይም ክዳኑን ያጣምመዋል። ትክክለኛው አሠራር የታንከሩን ውሃ አፍስሶ ክዳኑን ማውጣት፣ ጎማው የሚያርፍበትን የታንከር አፍ ከኖራና ከዝገት ማጽዳት፣ አዲስ ጎማ ማግባት ነው። አሮጌው ጎማ ደህና ቢመስልም መልሰው አይጠቀሙበት፤ አንዴ የያዘውን ቅርጽ ስለማይለቅ ሁለተኛ አይገጥምም። ቡሎኖቹ ሲታሰሩ በዙሪያ ተከታትለው ሳይሆን ፊት ለፊት የሚተያዩት እየተፈራረቁ፣ ጥቂት ጥቂት እየጠበቁ መሆን አለበት። በአንድ ወገን የጠበቀ ክዳን በሌላው ወገን ያፈሳል።

ሬዚስታንሱ ራሱ ተሰንጥቆ ውሃ የሚያስገባበት ጊዜም አለ። ይህን ብዙ ጊዜ ብሬከሩ ሲወርድ ያዩታል፤ ማሞቂያው ሲበራ ብሬከሩ የሚወርድ ከሆነ መልሶ መላልሶ ማንሣት አደገኛ ነው። ውሃና ኤሌክትሪክ እዚህ ክዳን ሥር ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር (ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ መኖሩን በሚያሳየው መሣሪያ) ያረጋግጡ። ቴስተር አጠቃቀሙን የማያውቁ ከሆነ ይህን ሥራ ለባለሙያ ይተዉት።

የቧንቧ መጋጠሚያዎቹስ?

በብዛት የሚያፈሱት እነሱ ናቸው፣ ለመጠገንም ይቀላሉ። ቴፍሎኑ ያረጀ መጋጠሚያ ተፈትቶ፣ ጥርሱ ተጠርጎ በአዲስ ቴፍሎን ይታሰራል። ፍሌክሲብል ቱቦ ከሆነ ዳዶው ውስጥ ያለችው ጎማ ትታይ፤ የቱቦው የብረት ሹራብ ዝገት ከጀመረው ወይም ክሩ ከተበጠሰ ግን ጎማዋን ብቻ ሳይሆን ቱቦውን ይቀይሩት። አንድ ቀን ሌሊት ከሚፈነዳ ዛሬ ቢቀየር ይሻላል።

መጋጠሚያው ላይ አረንጓዴ ወይም ነጭ ቅርፊት ካዩ፣ ለምሳሌ የመዳብ ቧንቧ ከብረት ጋር በቀጥታ የተገጠመበት ቦታ፣ ሁለቱ ብረቶች በውሃው አማካይነት እየተበላሉ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መለያ መጋጠሚያ ያስፈልጋል፤ ማጥበቅ አይረዳም።

ታንከሩ ራሱ ተበስቶ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

መጋጠሚያዎቹ፣ ቫልቩና ጎማው ሁሉም ደረቅ ሆነው ውሃው ከቆርቆሮው ሥር መውጣቱን ከቀጠለ ታንከሩ ነው። የዝገት ቀለም ያለው ውሃ፣ በቆርቆሮው ስፌት ላይ ቡናማ መስመር፣ ከሙቁ ቧንቧ ብቻ የሚመጣ ቀላ ያለ ውሃ ቀድመው የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። ቀዝቃዛውም ቀይ ከሆነ ግን ዝገቱ ከመስመሩ ነውና ማሞቂያውን አይፍረዱበት።

«ብየዳ አይቻልም ወይ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይከተላል። ብዙዎቹ ታንከሮች ከውስጥ ኢናሜል (እንደ ብርጭቆ ያለ ቀጭን ልባጥ) የተለበጠ ብረት ናቸው። የብየዳው እሳት ያንን ልባጥ ያረግፈዋል፤ የተበየደው ቦታ ዙሪያ ብረቱ እርቃኑን ይቀርና ከበፊቱ በባሰ ፍጥነት ይዝጋል። በማጣበቂያ ልድፈነው ቢሉም፣ ከውጭ የሚቀባ ስለሆነ ግፊቱ ይገፈትረዋል። ታንከሩ ከተበሳ መቀየር ነው። እንዲህ ያለ ማሞቂያ በተለመደ አያያዝ ከ8 እስከ 12 ዓመት ያገለግላል፤ ይህ ቁጥር ግን ቀጥሎ በሚነሣው ነገር በእጅጉ ሊረዝም ወይም ሊያጥር ይችላል።

አኖድ የሚባለው ምንድን ነው?

ታንከሩ ውስጥ የተተከለ፣ ብዙ ጊዜ ከማግኒዚየም የሚሠራ ዘንግ ነው። ኢናሜሉ ፍጹም አይደለም፤ ለዓይን የማይታዩ ክፍተቶች አሉት፣ በዚያ በኩል ውሃ ብረቱን ይነካል። ማግኒዚየም ከብረት ይልቅ ቶሎ የሚበላ ስለሆነ፣ ዝገቱ በብረቱ ፈንታ ዘንጉን ይበላል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የእንግሊዙ ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1824 የባሕር ኃይል መርከቦችን የመዳብ ልባጥ ከባሕር ውሃ ለመጠበቅ ያቀረበው መላ ይኸው ነበር።

አሳዛኙ ነገር ብዙ ባለቤቶች ይህ ዘንግ መኖሩን ሳያውቁ ማሞቂያቸው ማለቁ ነው። ዘንጉ ሲያልቅ ታንከሩ ተራውን ይይዛል፤ ከውጭ ግን ምንም ምልክት አይታይም፣ ውሃውም እንደወትሮው ይሞቃል። በአንድና በሁለት ዓመት አንዴ አውጥቶ ማየት፣ ከግማሽ በላይ ከተበላ ወይም መሐሉ ያለው ሽቦ መታየት ከጀመረ መቀየር ነው። ግድግዳ ላይ በሚሰቀሉት ዘንጉ ብዙ ጊዜ ከሬዚስታንሱ ክዳን ጋር ስለሚያያዝ፣ ጎማ ለመቀየር ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር አኖዱንም ማየት ተጨማሪ ድካም የለውም። ወለል ላይ በሚቆሙት ከላይ በኩል የሚፈታ ነው። ኖራውን በሚቀንስ ማለስለሻ መሣሪያ ያለፈ ውሃ የሚጠቀሙ ቤቶች ዘንጉ ቶሎ ስለሚያልቅ አዘውትረው ይመልከቱት።

ከውስጥ የሚንኳኳ ድምፅ አለው። ከማፍሰሱ ጋር ይገናኛል?

ሊገናኝ ይችላል። ውሃ ውስጥ የሟሟ ኖራ ሲሞቅ ይለያል፣ በተለይ ከ60 ዲግሪ በላይ። ከታች ይዘቅጣል፣ ሬዚስታንሱንም ይለብሰዋል። ድምፁ ከደለሉ ሥር የታመቀ ውሃ ሲፈላ የሚሰማ ነው። በጋዝ በሚሠሩት ላይ ጉዳቱ ይብሳል፤ እሳቱ ከታች ስለሆነ ደለሉ ሙቀቱን ያግዳል፣ የታንከሩ ወለል ከልክ በላይ ይግላል፣ ኢናሜሉ ይሰነጠቃል።

በዓመት አንዴ ማጠብ ይበቃል፤ ኖራ የበዛበት ውሃ ከሆነ ሁለቴ። ኤሌክትሪኩን አጥፍተው ውሃው እስኪበርድ ይጠብቁ፣ ቀዝቃዛውን ይዝጉ፣ አየር እንዲገባ የሙቅ ቧንቧ ይክፈቱ፣ ከዚያ ውሃውን በማፍሰሻው ያውጡት። ቀዝቃዛውን ለአፍታ እየከፈቱ የሚወጣው እስኪጠራ ይለቅለቁት። ሙቅ ቧንቧው ያለማቋረጥ ውሃ ሳያፈስ፣ ማለትም ታንከሩ ሳይሞላ፣ ኤሌክትሪኩን አይመልሱ።

ሁሉም ነገር ደህና ነው፣ ግን ላዩ እርጥብ ነው። ለምን?

ጤዛ ነው። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ታንከሩን ሲሞላ፣ እርጥበት የበዛበት የመታጠቢያ ክፍል አየር ቀዝቃዛው ብረትና ቧንቧ ላይ ውሃ ይሆናል። ጠርገው፣ ማሞቂያው አንዴ እስኪሞቅ ጠብቀው ይመልከቱ። ካልተመለሰ ፍሳሽ የለም።

የመስመር ውሃ ሲቋረጥ ማሞቂያውን ላጥፋ?

አዎ፣ ቢያጠፉት ይሻላል። ውሃ ወደ መስመሩ እንዳይመለስ የሚያግደው የቫልቩ ክፍል ከደከመ ታንከሩ ሳይታወቅ ወደ መስመሩ ሊጎድል ይችላል። ውሃው ሲመለስም አየር እየገፋ፣ ደለል እየጎተተ፣ በምት ይመጣል፤ ያ ምት የደከመ መጋጠሚያ ያላላል፣ ደለሉም ሴፍቲ ቫልቩ ውስጥ ይቀራል። ውሃ ከተመለሰ ማግስት ማፍሰስ የጀመረ ማሞቂያ ካለዎት ምርመራውን ከእነዚህ ሁለት ይጀምሩ። ከማብራትዎ በፊት ሙቁን ቧንቧ ከፍተው አየሩ ወጥቶ ውሃው ወጥ እስኪሆን ይጠብቁ።

ቴርሞስታቱን ስንት ላይ ላድርገው?

60 ዲግሪ አካባቢ። ከዚያ በላይ ሲሆን ኖራው ይበዛል፣ ትርፍ ውሃው ይጨምራል፣ ጎማውም ቶሎ ይደርቃል። በጣም ዝቅ ማድረጉ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ ሌጂዮኔላ የተባለው የሳንባ ምች የሚያመጣ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለ ውሃ ውስጥ ይራባል። ይሁንና 60 ዲግሪ ውሃ በጥቂት ሰከንድ ቆዳ ያቃጥላል፤ ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ቤት ቧንቧው ጋ ሙቀት የሚያመጣጥን ማደባለቂያ ቢገጠም ጥሩ ነው።

ታንከሩ መበሳቱ ተረጋግጧል፣ አዲሱ እስኪመጣ ግን ልጠቀምበት?

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ከሆነ አይጠቀሙበት። 80 ሊትር ውሃ ብቻውን 80 ኪሎ ነው፤ ከታንከሩ ክብደት ጋር 100 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ነገር በጥቂት ቡሎኖች ተንጠልጥሏል ማለት ነው። የሚያፈሰው ውሃ ወደ ግድግዳው ከገባ ልስኑን ያላላል፣ ቡሎኖቹን ያዝጋል። ቀዳዳውም ባለበት አይቆይም፤ የዛገ ብረት በግፊት ሥር መቼ እንደሚሰፋ መገመት አይቻልም። ኤሌክትሪኩንና ቀዝቃዛ መግቢያውን ዘግተው የታንከሩን ውሃ ያፍስሱት፤ ለጥቂት ቀን ውሃ በምድጃ ያሙቁ። አዲሱ ሲገጠም አሮጌዎቹን ፍሌክሲብሎችና ሴፍቲ ቫልቭ መልሰው አያስገጥሙ፤ የግድግዳው ቡሎኖችም ከአዲሱ ጋር አብረው ይቀየሩ።